በመስከረም የቱ ባሕር ይሻለናል?

በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የጉዞ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ለጉዞ ኮሚቴው የሰጣችሁት ሥራ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነበር። «በገንዳ የተማርነውን ዋና በባሕር እንሞክረው፤ በመስከረም አካባቢ ውኃው የሚሞቅ፣ ዋጋውም የማይጎዳ ቦታ ፈልጉልን» አላችሁን። እኛም ሦስት ወር ሙሉ ካርታ ስንዘረጋ፣ ዋጋ ስናወዳድር፣ ሄደው የመጡትን ስንጠይቅ ቆየን። ዛሬ ያገኘነውን እንነግራችኋለን፤ የት እንሂድ በሚለውም ላይ የኮሚቴውን አሳብ እናቀርባለን። አሳባችን አንዳንዶቻችሁን ላያስደስት ይችላል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አድምጡንና ከዚያ ድምፅ ስጡ።

ከወቅቱ እንጀምር። ብዙዎቻችሁ «ሐምሌና ነሐሴ እያሉ ለምን መስከረም?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ትልቅ ድስት የጣደች ሁሉ መልሱን ታውቀዋለች። ድስቱ ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ በኋላ ግን እሳቱ ቢጠፋም ቶሎ አይበርድም። ባሕርም እንደዚያው ነው። በግንቦት ፀሐዩ እያቃጠለ እንኳ በብዙው የሜዲትራንያን ዳርቻ ውኃው ከ20 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አየሩ ሲለዝብ ደግሞ ባሕሩ በጋውን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ይዞ ይቆያል። በዚያ ላይ ትምህርት ቤት ስለሚከፈት የአውሮፕላኑም የሆቴሉም ዋጋ ይወርዳል፤ ዳርቻውም ይሰፋል። በግሪክና በስፔን በጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ፤ ደም ግፊት ያለባቸው እናቶቻችን በዚያ ፀሐይ ከሆቴል ባይወጡ ይሻላቸዋል። በመስከረም ግን ጠዋትም ከሰዓት በኋላም መቀመጥ ይቻላል።

ሙቀቱን በየባሕሩ ስናየው እንዲህ ነው። ቁጥሮቹ የብዙ ዓመት አማካይ ስለሆኑ ከዓመት ዓመት አንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ ዝቅ ይላሉ። በሴፕቴምበር ቆጵሮስ ወደ 27 ዲግሪ ነው፤ ዋና ከተማርንበት ገንዳ ብዙም አይለይም። ማልታ 26 አካባቢ፣ ሲሲሊ፣ ቀርጤስ፣ ሮድስ፣ ማዮርካና የስፔኑ አሊካንቴ ወደ 25 ናቸው። ክሮኤሽያ 23፣ የቡልጋሪያው ጥቁር ባሕር 22 አካባቢ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ወደ ደቡብ በሄድን ቁጥር ውኃው የሚሞቅ ይመስለናል። ማላጋ ከማዮርካ ይልቅ ወደ ደቡብ ናት፤ ውኃዋ ግን 21 ወይም 22 ዲግሪ ነው፤ ምክንያቱም በጅብራልታር በኩል የአትላንቲክ ቀዝቃዛ ውኃ ይገባባታል። የፖርቱጋል ምዕራባዊ ዳርቻም ፀሐዩ እያቃጠለ ውኃው አጥንት ድረስ የሚሰማ ነው። ፎቶ ላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚታይ ውኃ ሁሉ ሞቃት አይደለም።

ሙቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆጵሮስ ብለን በተቀመጥን ነበር። ኮሚቴው ግን ከባሕሩ በፊት እኛን ራሳችንን መመልከት ነበረበት። ማን ነን? እስከ የት እንዋኛለን?

አብዛኞቻችን ይዘነው የምንኮራበት ወረቀት ዜፕፈርድሼን የሚባለው ነው። ያገኘነው ከልጆቻችን ጋር ተሰልፈን፣ አንዳንዶቻችንም ከልጆቻችን በኋላ ነው። ያ ፈተና 25 ሜትር መዋኘት፣ ከገንዳው ጠርዝ መዝለልና ትከሻ ከሚደርስ ውኃ ውስጥ ዕቃ ማውጣት ነው። የጀርመን የነፍስ አድን ማኅበር ዴ ኤል ኤር ጌ ግን ደኅና ዋናተኛ የሚለው የነሐሱን ምልክት ያገኘ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ መዋኘትንና በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 200 ሜትር መሄድን ይጠይቃል። ከእኛ ውስጥ ይህን ያለፉት አራት ናቸው። ስለዚህ ቦታውን የመረጥነው ለአራቱ ብለን ሳይሆን ግድግዳ ሳትይዝ 25 ሜትር ለምትጨርሰው እኅታችን ብለን ነው። ገንዳ ግድግዳ አለው፣ ባሕር ግን የለውም። አገራችን ላይ ላንጋኖም ሆነ ሶደሬ እግራችንን ነክረን የተመለስን ብዙ ነን፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውንም ከእናቶቻችን ሰምተናል።

በዚህ ዓይን ሲታይ ከሙቀቱ በላይ የሚያስጨንቀው የባሕሩ ወለል ነው። ኒስ ውብ ከተማ ናት፤ ዳርቻዋ ግን ድንጋይ ነው፤ ጥቂት እርምጃ እንደሄዱም መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል። የክሮኤሽያ ብዙው ዳርቻ ዐለትና ጠጠር ነው። ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ ግን በዐለቱ ላይ እሾሃቸው እንደ ጃርት የቆመ ትንንሽ የባሕር እንስሳት ስላሉ ያለ ላስቲክ ጫማ መግባት አይቻልም። በአንጻሩ በማዮርካ ሰሜን ያለው የአልኩድያ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ ፕላያ ደ ሙሮ የሚባለው ቦታ፣ አሸዋው ለስላሳ ነው፤ ሩቅ ድረስ ሄደውም ውኃው ወገብ ላይ ነው። በጣሊያን ሰሜናዊ አድሪያቲክ ያሉት ግራዶና ቢቢዮኔም እንዲሁ ናቸው፤ ሙቀታቸው ግን ከማዮርካ በጥቂቱ ያንሳል፤ ዝናብ ከመጣም ቶሎ ይቀዘቅዛሉ። እኛ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» እያልን ስንጠይቅ አንድ የጉዞ ወኪል ሠራተኛ «እናንተ ልትዋኙ ነው ወይስ ልትቆሙ?» ብሎ ሳቀብን። ሁለቱንም ነው።

አትላንቲክን ለቡድን ጉዞ ሙሉ በሙሉ ትተነዋል። ቢያሪትዝም ሆነ ፖርቱጋል ለሞገድ ተንሸራታቾች ገነት ናቸው፤ ለእኛ ግን ሦስት ነገር ያከብዱብናል። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ብዙ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጠዋት ያያችሁት ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ሞገዱ ሰው ይጥላል። ሦስተኛውና ክፉው ደግሞ ወደ ውስጥ የሚጎትተው ጅረት ነው። ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውኃ መመለሻ ይፈልጋል፤ በአንድ ጠባብ መስመር ተሰብስቦ ወደ ባሕሩ ይሮጣል። የሚያታልለው ነገር ያ መስመር ከግራ ቀኙ ይልቅ የተረጋጋ መስሎ መታየቱ ነው፤ ሞገድ አይሰበርበትምና። በሜዲትራንያንም ነፋስ ሲነሣ ይፈጠራል፤ ስለዚህ የትም ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ ጅረት ከያዛችሁ ፊት ለፊት ከእሱ ጋር አትታገሉ። ጉልበታችሁን ይጨርሰዋል። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሡ፣ ጉልበት ካላችሁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፤ ከጠባቡ መስመር ስትወጡ ወደ ዳር ተመለሱ።

መስከረም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ቦታ የነፍስ አድን ሠራተኞች ቁጥር ከሴፕቴምበር አጋማሽ ወይም መጨረሻ በኋላ ይቀንሳል፤ ማማው ቆሞ ሰው የሌለበት ዳርቻ ታገኛላችሁ። ባንዲራ ሳይሰቀል መቅረቱ «ደኅና ነው» ማለት አይደለም፤ የሚያይ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ሰማያዊውንም ባንዲራ ከነዚህ ጋር አታደባልቁት። ሰማያዊው በፈረንሳይ በ1985 የተጀመረ የጥራት ምልክት ነው፤ ስለ ውኃው ንጽሕና፣ ስለ ዳርቻው አያያዝና ስለ አገልግሎቱ ይናገራል፤ ዛሬ ባሕሩ ምን ይመስላል የሚለውን አይናገርም። ለዛሬው ባሕር የምትመለከቱት ቀዩን፣ ቢጫውንና አረንጓዴውን ነው። እዚህ ጀርመን ቀይና ቢጫ ሁለት ቀለም ያለው ሲሰቀል ጠባቂዎች ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ቢጫው ለብቻው ሲታከልበት እንደ እኛ ያለ ዋናተኛ አይግባ ማለት ነው፤ ቀይ ከሆነ ማንም አይገባም።

ሌላው ዶፍ ነው። ባሕሩ ሞቆ ሳለ ቀዝቃዛ አየር ከላይ ሲመጣበት ከባድ ዝናብ ይወርዳል። በሴፕቴምበር 2020 ኢያኖስ የተባለው ማዕበል ምዕራብ ግሪክን መታ፤ በሴፕቴምበር 2023 ዳንኤል የተባለው መጀመሪያ የግሪክን ቴሳሊን አጥለቅልቆ ቀጥሎ በሊቢያ ደርናን አወደመ። ይህን የምንነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም፤ መስከረም ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ግን ቲኬት ስትቆርጡ ከአምስት ቀን በታች አትያዙ፤ ሁለቱን ቀን ዝናብ ቢወስደው ሦስት ይቀራችኋል። ከከባድ ዝናብ በኋላም አንድ ሁለት ቀን አትግቡ፤ ጎርፉ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው።

ስለ ጄሊፊሽ ብዙ ተጠይቀናል። በሜዲትራንያን ሐምራዊዋ ትናደፋለች፤ ያማል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ከባድ ጉዳት አያደርስም። በባሕሩ ውኃ እጠቡት፤ በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፣ በፎጣም አትሹት፤ ሕመሙን ያብሰዋል። መተንፈስ ያስቸገራት ካለች ግን ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይኬዳል፤ በመላው የአውሮፓ ኅብረት የአደጋ ስልኩ 112 ነው።

አሁን በጉዞ መጽሐፍ ወደማይገኘው ጉዳይ እንምጣ።

በመካከላችን ይህንኑ ሜዲትራንያን ከሊቢያ ተነሥተው በጀልባ የተሻገሩ እኅቶች ተቀምጠዋል። ለእነሱ ባሕሩ ሌላ ስም አለው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንድ ጀልባ በእሳት ተያይዞ ሲሰጥም ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ቁጥራቸው ያልታወቀ ብዙዎች በዚያው መንገድ ቀርተዋል። እኛ በኮሚቴው ውስጥ «ሲሲሊ 25 ዲግሪ፣ ማልታ 26 ዲግሪ» እያልን ስንጽፍ አንዷ እኅታችን ወረቀቱን ዐይታ እንዲህ አለችን፦ «ባሕር አልጠላም። ገንዳው ውስጥ ከሁላችሁም ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ሲሲሊ ላይ ግን ፎጣ ዘርግቼ አልተኛም።» ሌላዋ፣ እሷም የተሻገረች፣ ተቃራኒውን አለች፦ «እኔ እንዲያውም ያንኑ ባሕር ነው የምፈልገው። በፈለግሁ ጊዜ ገብቼ በፈለግሁ ጊዜ የምወጣበት ከሆነ።»

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ኮሚቴው የወሰነው ግን ሲሲሊንና ማልታን ከቡድን ጉዞው ዝርዝር ማውጣት ነው። ባሕሩን የምትፈልገው እኅታችን ከወዳጆቿ ጋር መሄድ ትችላለች፤ የማትፈልገዋን ግን ማኅበሩ «እንግዲህ ሁሉም ሲሄድ ቅሪ» ሊላት አይገባም። ግሪክና ስፔንም ከዚህ ታሪክ ነጻ እንዳልሆኑ እናውቃለን። የነገሩንን ሰምተን የቻልነውን ያህል ነው የሄድነው።

ከዚህ የሚከተለው ወረቀት ነው፤ ኮሚቴውን ከሁሉ ይልቅ ያከራከረውም እሱ ነው።

የጀርመን ፓስፖርት ያላችሁ የትም መሄድ ትችላላችሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ በሸንገን አገሮች በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የፈቃዱ ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ወይም ሰማያዊው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ አብሮ መያዝ አለበት። ክሮኤሽያ ከ2023 ጀምሮ፣ ቡልጋሪያ ደግሞ በየብሱም በኩል ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናቸው። ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ሸንገን ውስጥ አልገባችም፤ ስለዚህ በሰማያዊ ሰነድ የምትሄዱ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲዋን ጠይቁ። 27 ዲግሪዋን ቆጵሮስን ከቡድኑ ዝርዝር ያወጣናት በዚህ ነው።

ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነ፣ ወይም ዱልዱንግ የያዙ እኅቶቻችን ግን ማዮርካም ቀርጤስም መሄድ አይችሉም። ዱልዱንግ የያዘች ሴት ከጀርመን ከወጣች ያ ወረቀት ያበቃል፤ ለአራት ቀን መዋኘት ብላ የዓመታት ልፋቷን ልታጣ ነው። እነዚህ እኅቶች በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ። በጥር ብርድ ገንዳው ድረስ አብረውን በትራም ተሳፍረዋል። አንዷ የነሐሱን ምልክት ካገኙት ከአራቱ አንዷ ናት።

እንግዲህ የኮሚቴው አሳብ ይህ ነው፦ የማኅበሩ ካዝና ገንዘብ ሁላችንም ልንሄድበት ለምንችለው ጉዞ ይዋል። ያም ጉዞ በጳጉሜን ወደ ባልቲክ ባሕር፣ ሉቤክ አጠገብ ወዳለችው ትራቨሙንደ ይሁን።

ስንናገር የፊታችሁን መለወጥ እያየን ነው። «ከሩቅ አገር የመጣነው ለመብረድ ነው?» የሚለውን ገና ሳይነሣ ሰምተነዋል። እውነቱን እንንገራችሁ፦ ባልቲክ በጳጉሜን 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከማዮርካ ሰባት ዲግሪ ያንሳል። ሰበብ አንፈልግለትም፤ ይበርዳል። ግን የሉቤክ ባሕረ ሰላጤ ከትልቁ ሞገድ የተከለለ ነው፤ ዳርቻው አሸዋ ነው፤ ውኃው በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው በጣም በጥቂቱ ነው። ጳጉሜንን የመረጥነው በዚያ ዳርቻ የዋና ወቅቱ በሴፕቴምበር አጋማሽ ስለሚዘጋ ነው፤ ጠባቂዎች ሳይሄዱ እንደርሳለን። በአገራችን ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ልጅ ሁሉ ወጥቶ ይታጠብ የለ? ያ ዝናብም ከ18 ዲግሪ የሚሞቅ አልነበረም። ደግሞ ጉዞው ዕንቁጣጣሽንም መስቀልንም አይነካብንም፤ የሁለቱ በዓላት አስተባባሪዎች ይህን በመስማታችሁ ታርፋላችሁ።

መንገዱም ቀላል ነው። ከፍራንክፈርት እስከ ሐምቡርግ በፈጣን ባቡር 4 ሰዓት ያህል፣ ከዚያ እስከ ሉቤክ አንድ ሰዓት የማይሞላ፣ ከዚያ በትንሹ ባቡር ትራቨሙንደ ሽትራንድ የሚባለው ጣቢያ ድረስ። ጣቢያው ከባሕሩ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶች ይህ ከሙቀቱ በላይ ዋጋ አለው። ጣራ ያለው የቅርጫት ወንበር በቀን ይከራያል፤ ነፋሱን ስለሚከልል ከውኃ ስትወጡ ትፈልጉታላችሁ። ለእንግዶች የሚከፈል አነስተኛ የቀን ክፍያም አለ፤ በሒሳቡ አስገብተነዋል። መኖሪያችሁ ላይ «ከዚህ ክልል አትውጪ» የሚል የተጻፈባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ንገሩን፤ ከውጭ ዜጎች ቢሮ ፈቃድ ለመጠየቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ቀዝቃዛ ውኃ የራሱ አገባብ አለው። ሮጦ ዘሎ መግባት የለም። ድንገተኛ ቅዝቃዜ ትንፋሽን ያቆራርጣል፤ በዚያች ቅጽበት አፍ ውኃ ውስጥ ካለ አደጋ ነው። መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ክንድና አንገት ማርጠብ፣ ቀስ ብሎ እስከ ደረት መግባት፣ ትንፋሽ እስኪረጋጋ መቆም። በመጀመሪያው ቀን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ማንቀጥቀጥ ሳይጀምር ነው የሚወጣው። የልብ ሕመም ያለባችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትግቡ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የባልቲክ ውኃ ጨው ጥቂት ነው፤ ሜዲትራንያን ሰውን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ባልቲክ ግን እንደ ገንዳችን ነው። ስለዚህ እዚያ የተንሳፈፈች ሌላ ቦታ ትንሳፈፋለች። ቁስል ያለባት፣ በተለይ ስኳር ወይም የጉበት ሕመም ካለባት፣ አትግባ፤ ባሕሩ በሚሞቅባቸው ሳምንታት በቁስል የሚገቡ ባክቴሪያዎች እዚያ አሉ።

ስለ ልብስ ጥያቄ ነበር። ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ለብሳችሁ የምትዋኙ እኅቶቻችን ትራቨሙንደ ላይ ምንም አይገጥማችሁም ብለን እናምናለን፤ ደግሞ ከሁላችንም ይልቅ የሚሞቃችሁ እናንተ ናችሁ። ፈረንሳይን ከዝርዝሩ ያስወጣነው በከፊል በዚህ ጉዳይ ነው። በ2016 ብዙ የዳርቻ ከተሞች ይህን ልብስ ከለከሉ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት 26 ቀን ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የአንዱን ከተማ ክልከላ አገደ፤ ክርክሩ ግን አልቆመም። ዕረፍት ላይ ሆኖ ሕግ መከራከር አይመችም። ፀጉርን በተመለከተ ደግሞ፦ ከመግባታችሁ በፊት በንጹሕ ውኃ አርጥቡትና ቅባት ቀቡት፣ ሹሩባ ተሠሩ፣ ስትወጡ ጨዉን እጠቡ። ከዚህ በላይ ፀጉር ቤት ያላት እኅታችን ታስረዳችኋለች።

ይህን ስንል ሞቃቱን ባሕር ተዉ አላልንም። በራሳችሁ ወጪ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ያጠናነው ሁሉ የእናንተ ነው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የሌላችሁ ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ወደ አልኩድያ ሂዱ፤ ከፍራንክፈርት ፓልማ በአውሮፕላን ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ልጆች ያሏችሁ ግን በሴፕቴምበር መሄድ አትችሉም፤ ያለ ፈቃድ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ያስቀጣል። የእናንተ ጊዜ የሄሰን የበልግ ዕረፍት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በኦክቶበር ይውላል። ያን ጊዜ ቡልጋሪያ ወደ 18 ዲግሪ ወርዳለች፣ ማዮርካም 22 አካባቢ ናት። ቀርጤስ ግን ገና 23 ወይም 24 ናት። በሃንያ በኩል ያለችውን አጊያ ማሪናን ዕዩልን፤ አሸዋ ናት፣ ፊት ለፊቷ ያለችው ትንሽ ደሴትም በጥቂቱ ትከልላታለች። የሰሜን ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ግን ያ ዳርቻ ይናወጣል፤ ያን ቀን አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ብዙ ሆቴሎች በኦክቶበር መጨረሻ ስለሚዘጉ ከዚያ አታሳልፉት። ጨለማውም ቀድሞ ይመጣል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ልጆች ውኃ ውስጥ አይሁኑ።

የትም ብትሄዱ፣ ስትደርሱ መጀመሪያ የቦታውን ሰው ጠይቁ። በካርታ የማይታየውን፣ ጅረቱ የት እንደሚሮጥና ወለሉ የት እንደሚቆረጥ፣ የዳርቻው ሻይ ሻጭ ያውቀዋል። ቋንቋ ባይገባባ በእጅ ማሳየት ይቻላል። ለብቻዋ የምትገባ አትኑር፤ አንዷ ስትዋኝ አንዷ ዳር ቆማ ትመልከት፤ ስልክ እየነካካች ሳይሆን ባሕሩን እያየች። ሁላችንም ባለ ደማቅ ቀለም ቆብ እንገዛለን፤ ብርቱካናማውን መርጠናል፤ ለፎቶ አያምርም፣ ከሩቅ ግን ይታያል።

አሁን ወደ ድምፁ። ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው የኮሚቴው አሳብ ነው፦ ካዝናው ለትራቨሙንደ፣ የፈለገች ደግሞ በራሷ ወደ ሜዲትራንያን። ሁለተኛው ካዝናው ለማዮርካ ይዋል፣ መሄድ ለማይችሉት ድርሻቸው ይመለስ የሚለው ነው፤ ይህንን ያቀረቡ አባላት አሉ፤ አሳባቸውን ለመግለጽ ከእኛ ቀጥሎ ይናገራሉ። በሁለተኛው አሳብ የምትጎዱት እኅቶች መናገር ካልፈለጋችሁ አትናገሩ፤ ማንም ወረቀትሽን አሳዪ አይላችሁም። ድምፁ በምስጢር ነው፤ ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ ነው፣ እስክሪብቶ ያላችሁ አውሱ።

የትኛውም ቢያልፍ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ የገንዳው ልምምድ ይለወጣል። መሐል ላይ፣ ግድግዳ ሳንይዝ፣ መነጽር ሳናደርግ፣ 15 ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ በጀርባ መንሳፈፍ ብቻ ነው። መግቢያው እንደ ወትሮው ነው፤ ፎጣና የቁም ሳጥን ሳንቲም ይዛችሁ ኑ።